የታምሩ ኮምፒውተርና የግርማ ሲዲ

ዛሬም ድረስ «አሥራ አንድ ሰዓት» እያለ የሚጠራኝ ሰው አለ። ባለፈው ቅዳሜ ጠባሴ ገበያ ቁጢጥ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ ከኋላዬ «አሥራ አንድ ሰዓት! እንዴት ነሽ እቴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መዞር አላስፈለገኝም። በዚህ ከተማ በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰዒድ ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነው። የአሊዩ አምባ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ዳገቱን ወጥቶ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ፊት ለፊት መቀስና ምላጩን ይዞ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ። አሁን ጺሙ ነጭ ሆኗል፣ ሱቁንም ለልጁ ለቋል፣ ምላሱ ግን አልሸበተም። «ወላሂ፣ አንቺ ሴትዮ አታረጂም እንዴ?» አለኝ። «አንተን ያየሁ ቀን ነው የማረጀው» አልኩት። የባሌን ጤና ጠየቀ፤ ጉልበቱን እንደሚያመው ነገርኩት። ሽንኩርት መወደዱን አብረን ረገምንና ተለያየን። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ነገሩ ሁሉ መጣብኝ። መንገድ መሐል ቆሜ ብቻዬን ስስቅ አንዱ ባለባጃጅ «እናት፣ ደህና ነዎት?» ብሎ ጡሩምባውን ነፋብኝ። ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ!

የዛሬው ልጅ የሚያየው ደብረ ብርሃንና እኔ የማውቀው ደብረ ብርሃን ስማቸው ብቻ ነው አንድ። አሁን ፋብሪካው በዝቶ፣ ፎቁ በዝቶ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን እያሻሸ ነው የሚሄደው። ያኔ የከተማው ጌታ ብርዱ ነበር። ወንዱ በርኖሱን ወይም ወፍራም ካፖርቱን ደርቦ፣ ሴቱ ከነጠላው ሥር ሁለት ሹራብ አጥልቆ ነበር የሚወጣው። ሐምሌ ላይ ጉሙ ሲወርድ ከመናኸሪያው እስከ ሱቄ ያለውን መንገድ በእግራችን እንጂ በዓይናችን አናውቀውም። ሱቄ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ፣ በአንድ ጎኗ ካሴት ቤት፣ በሌላው ወፍጮ ቤት ነበራት። ካሴት ቤቱ ጠዋት የማሲንቆ፣ ከሰዓት በኋላ የከተማ ዘፈን ይለቃል፤ ወፍጮው ሲነሳ ግን ሁሉንም ይውጠዋል። በሯ ላይ «የኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ፎቶ ኮፒው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ግን በገዛ እጁ ማስታወቂያውን የሚያጠፋ ነጋዴ የት አለ? አንድ ገጽ በሁለት ብር እተይባለሁ። ከጫጫ ድረስ የሚመጣ ባላገር ነበር፤ አጠገቤ ቆሞ «ለዳኛው እንዲህ በይልኝ፣ ደሞ እንዲህ በይልኝ» ይለኛል፣ እኔ ስድቡን እየዘለልኩ እጽፍለታለሁ።

ኮምፒውተሯ የሠፈሩ ሰዓትም ነበረች። «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብሎ አንገቱን ብቅ የማያደርግ አላፊ አልነበረም። ለዚህ ብዬም ሰዓቷን በእኛው አቆጣጠር ሞልቻታለሁ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለት ብላ ታሳያለች። የፈረንጅ ስምንት ምን ያደርግልኛል? የግድግዳ ሰዓት አልነበረኝም፣ የእጅ ሰዓት ሊጥ ሳቦካ አበላሽቼ ተውኩት፣ ሞባይል የሚባለውም ገና የሀብታም ዕቃ ነበር።

ኮምፒውተሯን የገዛት ታምሩ ነው፤ የመጀመሪያ ባሌ። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ሲያመጣት ዝናብ እንዳይነካት በእናቱ ባና፣ በዚያ ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ጋቢና ውስጥ እንደ ተሳፋሪ አስቀምጦ ነው ያመጣት። «አሰለፈች፣ እኔ መንገድ ስውል አንቺ ሥራ አትፈቺም» አለኝ። ዓመትም ሳይሞላ ጣርማ በር ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እኔ ቀረሁ፣ ኮምፒውተሯ ቀረች፣ እናቱ እማማ ደብሪቱ ቀሩ። እማማ ደብሪቱ የአንኮበር ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ አንድ ልጃቸው ጋ ሊጦሩ ከተማ መጥተው ነበር፣ ልጁም ጥሏቸው ሄደ። ለቅሶው ሲያበቃ ሰው ሁሉ ወደ ወንድማቸው ቤት ይመለሳሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸውም አልሄዱ፣ እኔም ሂዱ አላልኩ። እናትና አባቴ ቀድመውኝ ስላለፉ እኔም ሌላ ሰው አልነበረኝም። ሁለት ሴቶች አንድ ሞት ተካፍለን ኖርን።

ታምሩ ማይክሮፎን ገዝቶ የሞከረ ዕለት የቀዳው ድምፅ ኮምፒውተሯ ውስጥ አለ። «እማዬ፣ ተናገሪ፤ ድምፅሽ እዚህ ይገባል» ይላል። «ምን ልበል?» ይላሉ እሳቸው። «የፈለግሽውን!» ይላል። እሳቸውም «እህል በላህ ወይ?» ይላሉ። ከዚያ የእሱ ሳቅ ነው። ያኔ ፕሮግራሙ ከአንዲት ደቂቃ በላይ ስለማይቀዳ ሳቁ መሐል ላይ ይቆረጣል። እማማ ደብሪቱ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሱቅ ጎራ ይሉና «ክፈቺልኝ» ይሉኛል። እከፍትላቸዋለሁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይሰማሉ፣ «ይበቃኛል» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። እኔ በር ዘግቼ ደግሜ እከፍተው ነበር። አንጀቴን ይበላኝ ነበር፣ ግን ደስም ይለኝ ነበር።

እንዲህ ስንኖር ፍላሽ የሚሉት ጣት የምታህል ዕቃ መጣች። ሰው ሁሉ ጽሑፉን በእሷ ያመጣል፣ አብሮም በሽታ ያመጣል። ኮምፒውተሯ ታመመች፤ ፋይል ትደብቃለች፣ እየተየብኩ ታጠፋለች፣ የሰው ማመልከቻ ትበላለች። ጠጋኝ በጠራሁ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ «ፎርማት ትደረግ።» ፎርማት ማለት ውስጧ ያለው ሁሉ ይጠፋል ማለት መሆኑን አውቃለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳልባል፣ በሽተኛዋን ይዤ ደንበኛዬ አንድ በአንድ ሲሸሽ ዝም ብዬ አያለሁ።

ግርማ የመጣው ያኔ ነው። የሰላ ድንጋይ ልጅ፣ የፊዚክስ መምህር፣ አርባውን ያለፈ፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡናማ ኮት የማይለየው ሰው ነበር። ያላገባው እናቱን ሲያስታምም ዕድሜው ስለሄደ ነው አሉ። የፈተና ወረቀት ሊያስተይበኝ መጥቶ፣ ኮምፒውተሯ ሦስት ጊዜ ስትጠፋብኝ አየ፤ አልተቆጣም። «ለምን ፎርማት አያስደርጓትም፣ ወይዘሮ አሰለፈች?» አለኝ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ለማንም ያልነገርኩትን የታምሩን ድምፅ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ። በማግስቱ አንድ ሲዲ ይዞ መጣ፤ በዚያ ዘመን ለጠየቀ ሁሉ ከውጭ አገር በነፃ በፖስታ ይላክ የነበረ ሲዲ ነው፣ ሊኑክስ የሚሉት ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም ያለበት። «አሮጌው ሳይነካ ከጎኑ ሌላ እንጭናለን» አለኝ። «የሰው ፍላሽ የሚከፈተው በአዲሱ ላይ ይሆናል፣ እዚያ በሽታው አይሠራም። አሮጌው ደግሞ ከነድምፁ በቦታው አርፎ ይቀመጣል።»

ይህንን ለእማማ ደብሪቱ ሳልነግር እንዴት አደርጋለሁ! ነገርኳቸው። «በአንድ ቤት ሁለት አባወራ?» አሉ። «አልገባኝም። እኔ ፊት ይደረግ።»

ግርማ እሑድን መረጠ፤ ወፍጮው ስለማይሠራ መብራቱ አይዋዥቅም፣ የኮምፒውተሯ ዲስክ ለሁለት እየተከፈለ መብራት ከሄደ ሁሉም ነገር ይጠፋል ብሎ። እማማ ደብሪቱ ከቅዳሴ መልስ እንዝርታቸውን ይዘው መጥተው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰውየው ምንም ከመንካቱ በፊት የታምሩን ድምፅ ፍሎፒ በሚሏት ቀጭን ዲስክ ገለበጠና ፍሎፒውን ለእኔ ሳይሆን በሁለት እጁ ለእሳቸው ሰጣቸው። «እናቴ፣ ይህ መያዣ ነው። እኔ ባበላሽ በዚህ ይጠይቁኛል» አላቸው። እሳቸው ተቀብለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። እኔ ግርማን በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ያየሁት ኮቱን ነበር።

ዲስኩን ሲከፍል እማማ ደብሪቱ እንደ መሬት ክርክር ጥያቄ አወረዱበት። «እኩል ነው የሚካፈሉት?» «የለም፣ ለአሮጌው ሰፋ ያለውን ትተናል።» «ወሰኑን ይገፋል እንዴ አዲሱ?» «አይገፋም፤ ግድግዳ አላቸው።» «ታዲያ ሁለቱም ባንዴ ይነሳሉ?» «አንድ ጊዜ የሚነሳው አንዱ ነው። ጠዋት ሲከፍቱ የትኛውን እንደሚፈልጉ እሷ ትጠይቅዎታለች፣ እርስዎ ይመርጣሉ።» እሳቸውም «ጨዋ ናት» አሉ። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር እየተንፏቀቀ ሳለ ድንገት አምፖሉ ደብዘዝ አለ። እማማ ደብሪቱ «በስመ አብ» ብለው አማተቡ፣ ግርማ ኮምፒውተሯ ላይ እንደ ልጅ እጁን ጫነ። አምፖሉ ተመለሰ። ሰውየውን ቀና ብዬ ሳየው በዚያ ብርድ ግንባሩን አልቦታል።

ሲጨርስ አጥፍቶ አስነሳት። ጥቁር ስክሪን ላይ ዝርዝር መጣ፤ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከሁሉ በታች። «ልጄ የታል?» አሉ እማማ ደብሪቱ። ግርማ በጣቱ ከታች አሳያቸው። «ለምን ከታች ሆነ?» አሉ። እኔ «እማማ፣ ይሄ እኮ ዝም ብሎ ተራ ነው» ልል ስጀምር ግርማ «እውነትዎን ነው» አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ብዙ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ፤ አሮጌውን ከላይ አወጣው። ከዚያ አሮጌውን ከፈትን፣ «እህል በላህ ወይ?» የሚለውን ሰማን፣ ሳቁ እንደ ወትሮው መሐል ላይ ተቆረጠ። እማማ ደብሪቱ «ይበቃኛል» አሉ፤ ግን አልሄዱም፣ ትንሽ ቁጭ አሉ። ግርማም ወደ አዲሱ ተመልሶ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አስተካከለልኝና የሠርግ ካርድ እንዴት እንደሚሠራበት አሳየኝ።

ዛሬ ያች ኮምፒውተር ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሳ ተቀምጣለች፤ ከሞተች ዘመን ሆኗታል። ባሌ ግን ከእሷ በኋላ ስንት ማሽን ሲቀይር መጀመሪያ የሚያሻግረው የታምሩን ድምፅ ነው። አሁን ስልኬ ውስጥ አለ። የጎረቤት ልጆች «ጋሼ፣ ስልኬ ሞላብኝ፣ ምን ላጥፋ?» ብለው ሲመጡ «መጀመሪያ ምን እንደማታጠፋ ንገረኝ» ነው የሚላቸው። አስተማሪ ጡረታ ቢወጣም ማስተማሩ አይወጣለትም፣ ምን ይደረግ! ወደ ነገሬ ልመለስ።

ያን እሑድ እማማ ደብሪቱ ቀድመውኝ ወደ ቤት ሲሄዱ ግርማ ሲዲውን በኪሱ እያስገባ በሩ ላይ ቆመ። ቆመና ቀረ። «ወይዘሮ አሰለፈች፣ ዝውውር ደርሶኛል፤ አርባ ምንጭ» አለኝ። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሙቀት ነው» አልኩት እኔ ጅሏ። «ለእኔ ብርዱ ተስማምቶኝ ነበር» አለ። ጆሮው ቀልቷል። «እኔ ነገር ማሳመር አላውቅም። ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ በሚነሳው የአዲስ አበባ መኪና ነው የምሄደው። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ እመጣለሁ። ላገባዎት እፈልጋለሁ። እሺ ካሉኝ ዝውውሩን እመልሳለሁ፣ እንቢ ካሉኝ ከዚህ ወደ መናኸሪያ እሄዳለሁ።» መልስ ሳይጠብቅ ኮቱን ቆልፎ ጉሙ ውስጥ ገባ።

እኔ ሰውየውን ወድጄዋለሁ። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ ከፍሎፒው ጀምሮ ወድጄዋለሁ። ግን እማማ ደብሪቱስ? በእኛ አገር ምራት ሌላ ባል ስታገባ አማት ጓዟን ይዛ ትወጣለች፤ የሟች እናት በሌላ ወንድ ቤት አትቀመጥም፣ ነውር ነው። የሚወጡት ደግሞ ወደ አንኮበር፣ ወደዚያ ተራራ አናት፣ ወደ ወንድማቸው ቤት ነው። የወንድማቸው ሚስት ደግሞ ዓይናቸውን ማየት አትወድም። እንኳን ሰው ባናም የማይችለው ብርድ ነው ያለው። ልጃቸውን መንገድ በላባቸው፣ እኔ ደግሞ ቤታቸውን ልብላባቸው? እሑድ ማታ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ከራሴ ጋር ስጣላ ሰነበትኩ። ሐሙስ ጠዋት ስነሳ መልሴ እንቢ ነበር። በትሕትና እንዴት እንደምለው ሁሉ አጥንቼዋለሁ።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ሱቁ ተዘግቶ ነበር የሰነበተው፤ ሐሙስ ጠዋት መጣ። ሄጄ አሮጌውን ስከፍት ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። መብራት በመጥፋቱ ነው ብዬ የካሴት ቤቱን ሬዲዮ ሰምቼ አስተካከልኩት። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ግርማ ኋላ እንደነገረኝ ሁለቱ የሚካፈሉት አንድ ሰዓት ነው፣ አቆጣጠራቸው ግን ይለያያል፤ አዲሱ የሚያየውን የፈረንጅ አገር ሰዓት ነው ብሎ ሦስት ሰዓት ይጨምርበታል። አንዱን ስታቀኚ ሌላውን ታጣምሚያለሽ። እኔ ይህን በምን አውቄ! ምሳዬን በልቼ ተመለስኩና አዲሱን ከፍቼ የሠርግ ካርድ መሥራት ጀመርኩ። ውጭ ጉሙ ወርዶ ቀትሩ መሽቷል፣ ነጎድጓዱ ያጉረመርማል፣ መንገዱ ላይ ዝር የሚል ሰው የለም። የሰው ሙሽራና ሙሽሪት ስም በአበባ እየከበብኩ የራሴን እንቢታ እያነበነብኩ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ስል ጥጉ ላይ ያለው ሰዓት አሥራ አንድ አልፏል።

አሥራ አንድ! ዘጠኝ አልፏል፣ አሥር አልፏል። አልመጣም። መልሴን ሳይጠይቀኝ ሄደ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እንቢ ከማለት ተገላገልኩ። ግን የታምሩን ሬሳ ያመጡ ዕለት የተሰማኝ ዓይነት ሐዘን መጣብኝ፣ እኔን ራሴን አስደነገጠኝ። «መኪና ካልሞላ አይነሳም» የምትል ሐሳብ ብልጭ አለችልኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን እግሬ ነው የሚያውቀው። በሩን አልዘጋሁ፣ ኮምፒውተሯን አላጠፋሁ፣ በነጠላ ጫማ ጭቃውን እያቦካሁ ሮጥኩ። አንዱ ጫማ በጭቃ ተይዞ ቀረ፣ አልተመለስኩለትም። መናኸሪያ ስደርስ አንዱን ረዳት ክንዱን ይዤ «የአሥር ሰዓቱ የአዲስ አበባ መኪና ወጣ?» ስለው «የትኛው? ገና መች ገባ!» አለኝ። ያሾፈብኝ መሰለኝ። የቆመውን መኪና ሁሉ ገብቼ የሰው ፊት አየሁ። የለም። እንባዬ ከካፊያው ጋር እየወረደ አስፋልቱ መሐል ቆምኩ።

«እቴ! ማንን ነው የምትፈልጊው?» አለ አንድ ሰው ከማዶ። ሰዒድ ነው፣ ምላጩን ይዞ ሱቁ በር ላይ። ከኋላው ወንበሩ ላይ ፊቱ እስከ ዓይኑ ድረስ ነጭ ሳሙና የሆነ ሰው ተቀምጧል። ቡናማው ኮት መስቀያው ላይ ነው።

«አትሂድ!» አልኩ።

ሳሙናው ዞረ። «ወይዘሮ አሰለፈች?»

«ምን ወይዘሮ ወይዘሮ ትለኛለህ! ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ አላልክም? አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ እኮ! ሰው እንዲህ ይደረጋል? አንድ ቃል ሳትለኝ ልትሄድ? አትሄድም! የትም አትሄድም!» መጮኼን የሰማሁት ከጨረስኩ በኋላ ነው። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ጋዜጣቸውን አውርደው እያዩኝ ነው።

ሰዒድ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ቀስ ብሎ ዞረ፣ ከዚያ ወደ እኔ። «ያ አላህ! እቴ፣ ገና ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው። ሰውየው አንቺ ጋ ሊመጣ እኮ ነው የሚላጨው!»

መሬት አፏን ከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ባልቴት የምባል ሴት፣ ባንድ እግሬ ጫማ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ከተማው መሐል ወንድ አትሂድብኝ ስል! ግርማ በሳሙናው ውስጥ ዓይኑ ቦግ ብሏል። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሰዓቱን ያዩት ከአዲሱ ላይ ነው?» አለኝ። መምህር ድሮም መምህር ነው! «እኔ ምን እያልኩህ፣ አንተ ምን ትለኛለህ!» ስለው ተነሳ። በፎጣው ፊቱን ጠረገ፣ ግማሹ የተላጨ ግማሹ ያልተላጨ። «ሰምቻለሁ» አለ። «የሰማሁት ግን እውነት ነው?» «ሰምተሃል» አልኩት። ከዚህ ወዲያ ምን ይደበቃል። «ግን እማማ ደብሪቱን ከቤት አላስወጣም፣ ይህን እወቅ።» ግርማ ፎጣውን አስቀመጠ። «እኔ እናቴን ቀብሬ የመጣሁ ሰው ነኝ» አለኝ። «እናት ያለችበት ቤት ባገኝ አስወጣታለሁ? ሽማግሌ እልካለሁ፤ የምልከውም ለእሳቸው ነው። ሌላ ማን አለሽ?»

ሰዒድ ጫማ አዋሰኝ፤ በእሱ ትልቅ ኮንጎ ጫማ እየተንሸራተትኩ ቤቴ ገባሁ። ለእማማ ደብሪቱ ነገርኳቸው፤ ሩጫዬንም ሳይቀር። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። «እሑድ ይምጡ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። ዓርብ ሰላምታቸው አጭር ነበር። ቅዳሜ ቤቱን ስጠርግ ከአልጋቸው ራስጌ ጓዛቸው ታስሮ አገኘሁት፤ ባናቸው፣ እንዝርታቸው፣ የክት ቀሚሳቸው፣ ሁሉም በጠፍር ተጠፍሮ። ሄጄ «አላገባም፣ ይቅር» አልኳቸው። «ሽማግሌ ቀጠሮ ተይዞለት ይቅር አይባልም» አሉኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እሑድ ሦስት ሆነው መጡ፤ የግርማ አጎት ከሰላ ድንጋይ በርኖሳቸውን ደርበው፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሦስተኛው ሰዒድ፣ አዲስ ኮፍያ አድርጎ። እኔ ጓዳ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። ቁጭ በሉ ሲባሉ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። አጎትየው በትራቸውን ተደግፈው «እማማ ደብሪቱ፣ የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው» አሉ።

«ማንን አላችሁ?» አሉ እማማ ደብሪቱ።

«ልጅዎን። አሰለፈችን።»

እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሰዒድ አፉን ሊከፍት ሲል ጡረተኛው መምህር ክንዱን ያዙት።

«አንድ ልጅ ወልጄ ነበር» አሉ እማማ ደብሪቱ። «መንገድ ወሰደብኝ። ሲቀበር ይችን ያዝኩ። ልጄ ናት ብዬ አላውቅም፣ እናንተ ናችሁ ዛሬ ያላችሁኝ። እናንተ ካላችሁማ ልጄ ናት ማለት ነው።» ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ተመልሶ መጣ። «ልጄ ከሆነች ደግሞ አልሰጥም።»

ከመጋረጃው ኋላ ነጠላዬን ነክሼ ቀረሁ። አጎትየው «ኧረ እናቴ፣ እግዜርን ያስቡ፣ ልጁ ጨዋ ነው» ማለት ጀመሩ።

«ጨዋ ነው፣ አይቼዋለሁ» አሉ እማማ ደብሪቱ። «የእኔን ልጅ ከላይ ያስቀመጠ ነው። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ለአፈር ሰጥቼ ጠግቤአለሁ፤ ዳግመኛ ከዚህ ቤት ልጅ ሰጥቼ አልወጣም። ከፈለጋት እሱ ይምጣ። ታምሩ የተኛበት ጓዳ አለ፤ ልስኑን ያድስና ይግባ፣ ልጅ ይሁነኝ።»

ሰዒድ «አልሃምዱሊላህ!» ብሎ ከሁሉ ቀድሞ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ሽማግሌዎቹ ተንበርክከው ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲሉ እሳቸው በእጃቸው ከለከሏቸው።

«አሰለፈች!» አሉ።

«አቤት፣ እማማ!»

«ከመጋረጃው ኋላ መሆንሽን አውቃለሁ። ውጪና ሰዎቹን አስቀምጪ። ያን ጓዜንም ፍቺልኝ። ባናዬ ውስጡ ነው፣ በርዶኛል።»